አንድ ለእናቱ ኤሌክትሮን

"የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን አንድ ለእናቱ ነው" አለ መምህሩ፣ እንደ ወትሮው በደረቅ ድምፁ። "ቻርጅ ያለው ቅንጣት መጥቶ በመጠኑ ከገፋው ከፍ ይልና ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲመለስም ብርሃን ይሰጣል።"

ተማሪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ያዳምጡታል። የሚጽፍ የለም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ይበልጣል እንኳ ዛሬ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም። መምህሩ ጠመኔ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰና ሲያጣ በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ።

"ግጭቱ ከበረታ ግን ጨርሶ ይወጣል። ያን ጊዜ አቶሙ ባዶውን ይቀራል።"

ጣቱ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ተማሪ ጨነቃትና "የወጣውስ ተመልሶ አይመጣም፣ መምህር?" አለችው።

ይሄኔ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ዘነበ የድንኳኑን መጋረጃ ገልጠው ገቡ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ተማሪዎች ተነሥተው አሳለፏቸው። ሽማግሌው የመምህሩን ትከሻ ያዝ አደረጉና "አስከሬኑ ሊወጣ ነው። ና፣ ልጅህን ተሰናበተው" አሉት።

መምህሩ ጣቱን ከአየር ላይ አላወረደም።

"አንዴ ይጠብቁኝ፣ ጋሼ" አለ። "ጥያቄ ጠይቃኛለች።"