የበሩ መብራት

አዲሱ የምርጫ ሕግ ከወጣ ወዲህ ምስጢር የሚባል ድምፅ ቀርቷል። እያንዳንዱ ቤት የሰጠው መልስ የግቢው በር ላይ ዓመቱን ሙሉ ይበራል፤ “ይፈቀድ” ያለ አረንጓዴ፣ “አይፈቀድ” ያለ ቀይ። የዘንድሮው ጥያቄ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ነው። ሰፈራችን ከጥግ እስከ ጥግ ቀልቷል። የእናቴ በር ብቻ ጨለማ ነው።

ድምፅ መስጫው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። እማዬ በረንዳው ላይ ካለው ባለ ሁለት ቁልፍ ማብሪያ ፊት ቆማ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። እኔ ሴት ልጇ ከፍቅረኛዬ ከሊዲያ ጋር እንደምኖር ታውቃለች። ስሟን ጠርታ ግን አታውቅም፤ “ያቺ ልጅ” ነው የምትላት።

የግቢው በር ተንኳኳ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሰው ናቸው።

“ወይዘሮ አሰገደች፣ መብራቱ ተበላሸ እንዴ? ሰው እያወራ ነው!” አሉ ከውጭ።

“አሁን ይበራል፣ ጋሽ ደምሰው።” አለች እማዬ።

ኮቴያቸው ሲርቅ “ቀዩን ተጫኚው” አልኳት።

“በአንቺ ላይ ፈርጄ? እጄን ይቁረጠው፣ ፌቨን!”

“እድሩ ቢያስወጣሽ ማን ይቀብርሻል?”

እጇን ገለል አድርጌ ቀዩን ራሴ ተጫንኩት። ደጁ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ቀላ። እማዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ክንዴን ጨበጠችኝ።

“ከዛሬ ወዲያ እዚህ መብራት ሥር እንዳታልፊ። በጓሮ በኩል ግቢ። ሊዲያንም ይዘሻት ነይ።”

“እማዬ፣ ጓሮው እኮ በር የለውም። የድንጋይ አጥር ነው።”

“ነገ አስፈርሰዋለሁ።”