ሽታ የሌለው ጉድጓድ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እዚህ ዲላ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ያ በሩ የዛገው ግቢ የቡና መፈልፈያ ነበር። ከኮንጋ፣ ከዱመርሶ ቡና የጫነ መኪና ሲገባበት ይውላል። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ሰፌዳቸውን ይዘው በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ ካቦው በጣቱ እየጠቆመ ለለቀማ ያስገባቸዋል። የሰፈሩ ሕፃን ከእንቅልፉ የሚነቃው የማሽኑ ጩኸት ሲቆም ነበር፤ እንዲያ ነው የለመድነው።

ዛሬ ፍየል ይተኛበታል።

አትጠገብ እዚያ ስትለቅም ነው ያረጀችው። ግቢው ሲዘጋ ጉልት ሞከረች፣ ልብስ አጠበች፣ አልሆነም። በመጨረሻ ልጇ ሩሃማ አረብ አገር ልትሄድ ተነሳች። ደላላው መጥቶ አነጋገራቸው፣ ሻንጣም ተገዛ። አትጠገብ ያን ሻንጣ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። እናት አይደለች፣ ምን ታድርግ።

ይኼኔ ነው ለግቢው ገዢ ተገኘ የተባለው።

ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሴቶቹን እናቴ እያለ ነው የሚያናግራቸው። ግቢውን ዞረ። ማሽኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። በሩ ትልቅ መኪና ያስገባ እንደሆነ ጠየቀ። ለቃሚ ነን ብለው እጃቸውን ቢያሳዩት ፈገግ አለላቸው። ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ የማሽኑ ሞተር ጠፋ። ሰውየውም፣ ሞተሩ ከሌለ አልገዛም ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ማን ይጠረጠራል? ዘበኛው ሙሉካ ነዋ። ቁልፉ በእሱ እጅ ነው፣ ገዢው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰላምታ እንኳ ነፍጓቸዋል። ጎረቤቱ ሀጅራ ይባስ ብላ፣ ጓሮው ውስጥ አዲስ የቆጮ ጉድጓድ አየሁ አለች፤ ኮባ ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት።

"ሚስት የለው፣ እንሰቱን ማን ፋቀለት?" አለች አትጠገብ።

ሄዳ አጥሩ ሥር ቆመች። አንድም የተቆረጠ እንሰት የለም። አሸተተች። የቆጮ ጉድጓድ እኮ ልጆቼ፣ ገና ከመንገድ ነው የሚጣራው፤ ይኼኛው ግን ዝም ብሏል።

ተጠራርተው ገቡ። ኮባውን ገለጡት። ሞተሩ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"የብረት ቆጮ ልታበላን ኖሯል!" አለች ሀጅራ። ሴቶቹ ሳቁ።

ሙሉካ አልካደም። ራሱን ይዞ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

"እቴ አትጠገብ፣ እሺ ውሰዱት። ግን መጀመሪያ ሰውየውን ማሽኑን አስነሳው በሉት።"

"ሰርቀህ ደግሞ ትመክራለህ?" አለችው።

በእጅ ጋሪ እየገፉ ወሰዱት። አፈሩን በቀሚሳቸው ጠርገው ለሰውየው አስረከቡ። መረቃቸው፤ ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ አላቸው። ሙሉካንም ቁልፉን ተቀብለው አባረሩት።

ማታ ደላላው ሲመጣ አትጠገብ ከደጅ መለሰችው። የሩሃማን ሻንጣ ራሷ ፈታች፤ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያራገፈች ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው።

ሲነጋ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ሰፌዳቸውን ይዘው፣ እንደ ድሮው በሩ ላይ ተሰለፉ። አትጠገብ ከፊት ናት። መኪናው የኋሊት ገባ፣ ሸራው ተገለጠ።

የወረደው ቡና ሳይሆን የጋዝ ሲሊንደርና የብረት መቁረጫ ነበር።