ማኖ

«ማኖ ፖ፣ አክስቴ» አለና እንደ አገሩ የአክብሮት ሰላምታ እጇን ግንባሩ ላይ አስነክቶ ሊመረቅ ጎንበስ አለ። አክስቱ ግን የዓሣውን ሆድ መቅደዷን አላቋረጠችም። እናቱ ከተቀበረች ሰባት ወር አልፏል፤ እሱ የደረሰው ገና አሁን ነበር፣ ሻንጣውም ከትከሻው አልወረደም።

«ማኖ የስፔናውያን ቃል ነው፣ እጅ ማለት ነው፣ ገዢዎች ያስለመዱን ማጎንበስ ነው ብለህ ከውጭ አልጻፍክልንም?»

«ጽፌያለሁ።»

«እናትህ ደብዳቤህን አስነብባ ስትስቅ ዋለች። ‹ልጄ ሲመጣ እንደ አለቃ ሊጨብጠኝ ነው!› አለች። ዛሬ ምን ነካህ ታዲያ፣ ፕሮፌሰር?»

መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዳው የመጣ መልስ ነበረው። እሱን ትቶ፣ «ደክሞኛል፣ አክስቴ» አለ እንዳጎነበሰ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። መዳፏ ደምና ቅርፊት ብቻ ነበር። ጣቶቿን ጨብጣ ወደ ውስጥ አጠፈችና ንጹሑን የእጇን ጀርባ ግንባሩ ላይ አሳረፈችለት። «እግዚአብሔር ይባርክህ» አለች። ቀና ሊል ሲል በክርኗ ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«ቆይ፣ አትቸኩል። እኔንም ‹እጅሽን ስጪኝ› ያለኝ ሰው ከጠፋ ቆየ።»