እስከ መጨረሻዋ መስመር

በዚያ ዘመን ሕጉ አጭር ነበር፤ የሽያጭ ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ ገዝቷል፣ ዕቃውም እዚያው ይደርሰዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ርዕሱን አይቶ ይሸሻል። ማስታወቂያ ጸሐፊው አሰግድ ግን «የእኔን ገጽ የጀመረ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሳይጨርስ አይነሳም!» ባይ ነው። ከዓባይ የሚረዝመውን አዲሱን ገጹን የጻፈው የሐዘን ማስረሻ ለመሸጥ ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ሲገባ ሚስቱ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ገጹን ሲያውቀው ወደ እሷ ተንደረደረ።

«ዘርፌ፣ ተይ! በልጃችን መቃብር ይዤሻለሁ!»

«ቆይማ አሴ፣ አንዲት መስመር ቀረችኝ። እንዴት አድርገህ ነው የጻፍከው!»

ስልኩን ሲነጥቃት ጨርሳዋለች። ከስድስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና ቀሚሷን ቁልቁል አየች።

«አሴ፣ ማን ሞቶብን ነው ጥቁር የለበስኩት?»