ያልተወጋው ክንድ

ሚስተር ፕሩዊት የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ እስክሪብቶውን በሁለቱ ሴቶች መካከል አስቀመጠው። "የነርስ ትምህርቱ ሰኞ ይጀመራል" አለ። "በአሥራ አንድ ወር ጨርሳችሁ ለፈቃድ ፈተና ትቀመጣላችሁ። ወረፋ የለ፣ የሒሳብ መግቢያ ፈተና የለ።"

ሒሳብ ሲባል ላዶና ቨርሊንን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ቨርሊን አምና የመንግሥት ኮሌጁን መግቢያ በሦስት ነጥብ የወደቀችው በሒሳብ ነው።

ቨርሊን የላዶና ወንድም ሚስት ናት። ሁለቱ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ በአንድ ፎቅ ላይ፣ አሥራ አራት ዓመት ሽማግሌና አሮጊት ሲያነሡና ሲያጥቡ ኖረዋል። ለበሽተኛ አንዲት እንክብል ማቀበል ግን አይፈቀድላቸውም፤ ያ የነርሷ ሥራ ነው። ነርስ ለመባል ደግሞ መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የሚሲሲፒ ግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል።

"መለማመጃ ክፍሉን ማየት ይቻላል?" አለች ቨርሊን።

"በደስታ!"

ክፍሉ ውስጥ ሦስት አልጋዎች አሉ፤ አንሶላቸው ምንም መጨማደድ የለበትም። ቤቱ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ለመርፌ መለማመጃ የሚሆን የጎማ ክንድ ተጋድሟል።

"ስንት ዙር አስመርቃችኋል?"

"ባለፈው ወር አራተኛውን" አለ ሚስተር ፕሩዊት ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ቨርሊን ክንዱን አገላብጣ መርፌ የሚወጋበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። እንደ ሕፃን ጉንጭ ልስልስ ነው። ለፈተና የሄደች ዕለት ኮሌጁ ውስጥ ያየችው ክንድ ወንፊት ሆኖ ነበር፤ የተበሳሳውን በፕላስተር ለጣጥፈውታል፣ ፕላስተሩም ራሱ ተበሳስቷል።

"አዲስ ነው እንዴ?" አለች።

"ኧረ! ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የተገዛ ነው። ዕቃ አያያዝ እናውቅበታለን።" ስልኩ ጮኸና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

"ፊትሽን አታጨፍግጊብኝ" አለች ላዶና።

"እስቲ ንኪው።"

"ቅድም ስንገባ ነክቼዋለሁ።"

"እና?"

"እናማ ማንም ወግቶት አያውቅም። እኔም ዓይን አለኝ እኮ።"

"ይኼን እያየሽ ነው የምትፈርሚው?"

ላዶና በአንድ እጇ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ማክሰኞ ዕለት ሚስተር ሆብስ ወደቀ ያልኩሽ..."

"ከወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ያልሽው?"

"እሱ አይደለም የወደቀው። እኔ ነኝ። ላነሣው ጎንበስ ስል ወገቤ ቀጭ አለና እግሬ ከዳኝ። ዘጠና ዓመት የሞላው ሰውዬ ነው ደወሉን የተጫነልኝ።" ሣቅ ሊያመልጣት ነበር። "ለሰው እንዳትናገር ብዬ ለመንኩት። ‘ልጄ፣ እኔ እንኳን ያንቺን የራሴንም አላስታውስ’ አለኝ።"

ቨርሊን ክንዱን ቦታው መለሰችው።

"ነርስ ሰው አታነሣም" አለች ላዶና። "እንክብል ነው የምታነሣው። የኮሌጁን ፈተና ብታልፊም ወረፋው አንድ ዓመት ያስጠብቅሻል። ያንቺ ወገብ ይጠብቃል። የኔ አይጠብቅም።"

"ሳትማሪ እንዴት ነው ፈተናውን የምታልፊው? ሰውስ እንዴት ትወጊያለሽ?"

"ማታ ማታ ላነብ ነዋ። ክንድ ካስፈለገኝ የወንድሜ አለ፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ከሚውል ለአንድ ቁም ነገር ይዋል።"

ቨርሊን ሣቀች፤ ሣቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ሚስተር ፕሩዊት ተመለሰ። ላዶና አምስት ገጽ ላይ ፈረመች፤ አንዱንም አላነበበችው። ቨርሊን የራሷን ወረቀት በጣቷ ገፋ አደረገችው።

"አብራችሁ የምትማሩ መስሎኝ" አለ።

"እኔን ይለፈኝ።"

"ሰኞ ቦታ ላይኖር ይችላል፣ እመቤቴ።"

"ይሁን።"

ውጪ መኪናዋ በፀሐይ ግላለች። መኪናዋ የላዶና ናት፤ ቨርሊን መንዳት አትችልም። ላዶና እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችና ሞተሩን አስነሣች። ዋናው መንገድ ላይ ወጡ።

"የቤት መታጠፊያውን አለፍሽው" አለች ቨርሊን።

"አውቃለሁ።"

"ወዴት ነው?"

"የኮሌጁ የዘንድሮ ፈተና ምዝገባ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋ የለ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ፍሪጅሽ ላይ ለጥፈሽው፣ ደግሞ ማን ነገረሽ ትላለች!"

"አርባ ማይል እኮ ነው፣ ላዶና። በዚህ ወገብሽ..."

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

ከፊታቸው ጥጥ የጫነ ትልቅ መኪና እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ የሚረግፈው ብናኝ መስታወታቸው ላይ ይለጠፋል። ላዶና ቀኝ እጇን ጨብጣ ከጀርባዋ ከተተችው፣ ወገቧን ተጫነች፣ በግራዋ ብቻ እየነዳች ጭነቱን ቀድማ አለፈች።