መጀመሪያ ሲዲውን እናስገባለን

መምህር ወንድይፍራው የኮምፒውተር ክፍሉን በር በርግዶ ሲገባ ተማሪዎቹ እንደ ዳዊት በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። «መጀመሪያ ሲዲውን እናስገባለን፤ ቀጥሎ…» በእጃቸው የያዙት ኮሌጁ በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የተገዛ፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ኮምፓይለር የሚባለውን ሶፍትዌር የመጫኛ መመሪያ ነው።

ደሙ ፈላ። «የምን ሲዲ? እዚህ ክፍል ውስጥ ሲዲ የሚጎርስ ኮምፒውተር አለ?» ብሎ ጮኸ። «አዲስ ኮምፓይለር በወጣ ቁጥር ራሴ ጭኜ፣ ራሴ ሞክሬ መመሪያውን ድረ ገጻችን ላይ የማድሰው ለማን ነው? ለግድግዳው?»

ከፊት የተቀመጠችውን የጽዮንን ወረቀት መንጭቆ ቀዳደደው።

«መምህር፣ አዲሱንም አንብበነዋል» አለች ጽዮን፣ ቁርጥራጩን ከመሬት እየለቀመች። «ሁላችንም ላፕቶፓችን ላይ የጫንነው በእሱ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ጉድ ምን ያስሸመድዳችኋል?»

«ፈተና ላይ የሚመጣው ይሄኛው ነዋ። አምና አዲሱን የጻፉት በሙሉ ዜሮ ነው የተሰጣቸው።»

«ዜሮ?» ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «እኔ ለፍቼ ያደስኩትን ዜሮ የሚል ደፋር ማነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ጎትቼ ዲኑ ቢሮ ነው የማቆመው!»

ጽዮን የለቀመችውን ቁርጥራጭ በሁለት እጇ ጨብጣ አቀረቀረች።

«እርስዎ ነዎት፣ መምህር። ፈተናውም የማረሚያ መልሱም እኮ ያው የድሮው ነው። በየዓመቱ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው የሚቀይሩት።»