አለቃው ሰንሰለት ሲገጥም

ሞራጁ ክቡን ሞረድ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ የመጨረሻውን ጥርስ ስሎ ጨረሰ። ለእያንዳንዱ ጥርስ አምስት ግፊት ሰጥቷል፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አንዱ ጥርስ ከሌላው የረዘመ እንደሆነ መጋዝ ቀጥ ብሎ አይሄድምና። የሞተር መጋዙ ሰንሰለት በሞርሳው እንደ ተነከሰ ያበራል።

«ፍጠን እንጂ!» አለ የዛፍ ቆረጣው አለቃ ከበላዩ ቆሞ። «ሰዎቼን ሥራ አስፈታሃቸው።»

ሰዎቹ ሦስት ቆራጮች ናቸው፤ በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የወትሮው ሞራጅ ዛሬ ባይዘጋ ኖሮ አለቃው ወደዚህ ደጅ ባልመጣ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበርና።

ከአራት ዓመት በፊት ሞራጁ የእርሱ ቆራጭ ነበረ። አንድ ማለዳ «ሰንሰለቱ ረግቧል» ቢለው፣ «ዛሬን እንደምንም ቁረጥበት» አለው። ቀትር ሳይደርስ ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ረጅም ብረት፣ ከምላሱ፣ ወጥቶ ከግራ እጁ ሦስት ጣት ወሰደ። አለቃውም ለመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «መጋዙን በገዛ እጄ ፈትሼዋለሁ፤ ጉዳቱ የደረሰው በሠራተኛው ግዴለሽነት ነው።» ጣቱ ሄደ፤ ሥራው ሄደ፤ ስም ግን መጣለት። ዛሬ ድረስ አማቱ ሳይቀሩ «ግዴለሹ ልጄ» እያሉ ይጠሩታል፤ ያቆላመጡት እየመሰላቸው።

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ጥርሱ ከሚችለው በላይ እንዳይነክስ የምታግደው እርሷ ናት። በእርሷ ላይ ጠፍጣፋ ሞረድ ጥቂት አብዝቶ ያስኬደ ሰው፣ መጋዙን ወደ ያዘው ሰው ፊት ፈንጥሮ እንዲመለስ አደረገው ማለት ነው። በዓይን አይታይም። ማንም አይጠይቅም። ሞራጁ ጠፍጣፋውን ሞረድ አነሣ፤ በመጀመሪያዋ ጉብታ ላይም አሳረፈው።

«ይህን መጋዝ ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔ ልይዘው ኖሯል?» አለ አለቃው እየሳቀ። «ያ ቀጮ ነዋ።»

ቀጮ የተባለው ረጅም ቆራጭ ከአግዳሚው ላይ እጁን አነሣለት። ሞራጁ የተነሣውን እጅ አየ። ሞረዱን ሳያስኬድ መለሰና ሰንሰለቱን ከሞርሳው ፈትቶ በአለቃው ፊት ዘረጋው።

«ስለቱን እኔ ጨርሻለሁ። መግጠሙን እርስዎ ይግጠሙት።»

«ምን አልክ?»

«ያኔ በገዛ እጅዎ ፈትሸው አልነበረም? የሚፈትሽ መግጠም አያቅተውም።»

አለቃው ወደ ሰዎቹ ዞረ፤ ሦስቱም እያዩት ነው። እምቢ ቢል ምን ብሎ እምቢ ይላል? ኮቱን አውልቆ ጣለና መጋዙን ጎተተው።

«የካንዴላውን ሽቦ ይንቀሉ» አለ ሞራጁ። «የሚነሣ ሞተር ላይ እጅ አይገባም።»

«አውቃለሁ!» አለና ሽቦውን ፈልጎ እስኪያገኝ ላብ አጠመቀው። ዳዶዎቹን ፈታ፤ ክዳኑን አነሣ፤ ሰንሰለቱንም በምላሱ ዙሪያ አጠለቀ። የላይኞቹ ጥርሶች ወደ ጫፉ ማየት ሲገባቸው ወደ ሞተሩ ዞረው አፈጠጡ።

«አለቃ፣ እንጨቱን ሊቆርጡት ነው ወይስ ሊዳብሱት?» አለ ከቆራጮቹ አንዱ።

«አፍህን ያዝ!» አለቃው ሰንሰለቱን አወለቀ፤ ገልብጦ መለሰው። ክዳኑን ከደነ። የምላሱን ጫፍ ወደ ላይ ሳይደግፍ፣ መወጠሪያውን ብሎንም ሳይነካ ዳዶዎቹን ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ሰንሰለቱ ከምላሱ ሥር እንደ ላላ ቀበቶ ተንዘላዘለ።

«ይኸው። አለቀ።»

«ፈትሸውታል?»

«ፈትሼዋለሁ!»

«በምን?»

«በገዛ እጄ!» አለ አለቃው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ቀጮ ተነሥቶ መጣ። ጓንቱን አጠለቀና ሰንሰለቱን በሁለት ጣት ወደ ታች ሳብ አደረገው፤ ከነጥርሱ ከምላሱ ቦይ ወጥቶ በእጁ ላይ ተንጠለጠለ። የሳቀ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እንዲህ ነበር?» ሲል ሞራጁን ጠየቀው።

«ከዚህስ ይሻል ነበር።»

አለቃው ኮቱን አነሣ። «እንግዲህ አንተው አስተካክለው፤ ነገር አታብዛ» አለ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

ሞራጁ ዳዶዎቹን አላላ። የምላሱን ጫፍ በተረፉት ሁለት ጣቶቹ ደግፎ ወደ ላይ እንደ ያዘ፣ ሰንሰለቱ ከሥር እስኪጠጋ ድረስ ብሎኑን በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት አዞረ፤ ከዚያም አጠበቀ። «ሳበው» አለው ቀጮን። ሰንሰለቱ በእጅ ይሄዳል፤ ከቦዩ ግን አይወጣም። «ውጥረቱ ሳይሞቅ በቀዝቃዛው ነው የሚለካው። በየጠዋቱ አንተው ልካው። ማንም ለካሁልህ ቢልህ እንዳታምነው።»

ይህ ቀን በመጣ ጊዜ ልቡ የሚያርፍ ይመስለው ነበር። አላረፈም። ገና የጠማው ነገር አለ።

የቀሩት ሁለቱ ቆራጮች ወደ ውጭ ወጡ። ከመኪናው ላይ ብረት ሲጎተት ተሰማ። የየራሳቸውን መጋዝ ይዘው ተመለሱና ጎን ለጎን በአለቃው ፊት አጋደሙአቸው።

«የእኛንም ፈትሻለሁ ብለው ፈርመዋል» አለ ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጠው።

ቀጮ በሩ ላይ መንገድ ዘግቶ ቆመ። ሞራጁም ከፊተኛው መጋዝ ላይ የካንዴላውን ሽቦ በእርጋታ ነቀለና መጋዙን ወደ አለቃው ገፋው።

«ኮትዎን ያስቀምጡት፤ አለቃ። ቀኑ ገና ነው።»